ቆላ፦ ስለ አንድ የማጀት ግስ አመጣጥ

አንባቢ ሆይ፣ ይህች ጽሑፍ ከአንድ የክፍል ክርክር የተነሣች ናት፤ ዕዳ መክፈያ ናት ብትሉም አልቀየምም። ስለ ውሰት ቃላት በምንማርበት ክፍለ ጊዜ አንድ ወዳጃችን እጁን አወጣና «ቆላ የሚለው ግስ የዓረብኛ ነው» አለ። በዓረብኛ «ቀላ» ማለት ጠበሰ፣ ቆላ ማለት እንደሆነ ነገረን። ቡና ቆልቶ መጠጣትን ያስተማሩን ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ነጋዴዎች ስለሆኑ ግሱንም ከጀበናው ጋር አስረክበውን ሄዱ ሲል ደመደመ። ነገሩ ሲሰሙት ያምራል። ክፍሉም ተቀበለው። እኔ ብቻ ብድግ ብዬ «እንዴት ተደርጎ! አያቴ ሲቆሉ እያየሁ አይደል ያደግሁት?» አልሁ። ሳቅ ሆነ። «የአያት ምጣድ ማስረጃ አይሆንም» ተባልሁና ተቀመጥሁ።

እውነት ነው፣ እንደዚያ በባዶ ሜዳ ሲጮኹበት ማስረጃ አይሆንም። ሳቁ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። የሳቁት ጓደኞቼ ክፉዎች ሆነው አይደለም። አንድ የለመድነው ነገር ስላለ ነው፤ የጓዳችንን ቃል ከማን እንደተበደርነው ለማወቅ እንቸኩላለን እንጂ ቃሉ ራሱ ምን እንደሚል ቁጭ ብለን አንጠይቀውም። ስለዚህ እረፍት ሲሆን ጥያቄዬን ይዤ ወደ ደልጊ ሄድሁ።

ደልጊ ለማያውቃት፣ በጣና ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ጣቁሳ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። መርከቧ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ዘጌንና ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ ነው ያደረሰችን፤ ከእኛ ቀጥላ ወደ ጎርጎራ ትሻገራለች። አያቴ ከመነኰሱ ወዲህ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «እማሆይ፣ በመቁላትና በማመስ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ይኼን ለመማር ነው ከተማ የሰደድንህ?» አሉና ሳቁ። ቀጥሎ ግን የመለሱልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው፦ «የታመሰ ገና እህል ነው፣ ወፍጮ ይጠብቀዋል። የተቆላ የሚጠብቀው ጥርስ ነው።»

እኔም ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ «ታዲያ ቡናስ? ተቆልቶ ሙቀጫ አይገባም?» ብላቸው፣ «ቡና ታምሶ ሊቀር ነው እንዴ? ሳይጠቁርና ሳይሸት ምኑን ቡና ሆነው!» አሉኝ። ገባኝ። ለሽሮ የሚሆነው ሽምብራ ይታመሳል፤ እሳቱ ጥሬነቱን እስኪያጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚነካው። ለቆሎ የሚሆነው ሽምብራ ግን መጀመሪያ ውኃ ይነከራል፣ ይጠነፈፋል፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ወጥቶ እስኪንጣጣ ድረስ ይቆላል። ገብሱ ደግሞ ገለባው እንዲለቅ ቀድሞ ይሸከሸካል። ሁለቱም እሳት ናቸው፣ ሁለቱም ምጣድ ናቸው፤ ግሶቹ ግን አይተካኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ የማጀት ሰው መጠየቅ ሆነ። እንጀራ ይጋገራል፣ ድንች ይቀቀላል፣ ዓሣ ይጠበሳል። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ «ቆላሁ» የሚል ሰው ደልጊ ላይ ቢገኝ ታንኳ ቀዛፊው ሁሉ መቅዘፊያውን ጥሎ ይስቅበት ነበር። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን በእኛ አገር የባሕር ማሽላ የምንለው በቆሎ ነው። እሸቱ ከነራሱ ፍም ላይ ሲጋደም ይጠበሳል። ያው በቆሎ ተፈልፍሎ ምጣድ ላይ ሲበተን ይቆላል። እህሉ አንድ፣ እሳቱ አንድ፣ ግሱ ግን ሁለት! እንግዲህ «ቆላ» የሚናገረው ስለ እሳት ብቻ አይደለም። የተበታተነ ፍሬ መኖር አለበት፤ ምጣዱ ደረቅ መሆን አለበት፤ የሚያማስለው እጅም ማረፍ የለበትም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግሱ ይቀየራል።

ይህን ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመለስሁ። የግዕዙ ግስ «ቀለወ» ነው፤ ትርጉሙም መቁላት ነው። አውጉስት ዲልማን ላይፕሲክ ላይ በ1865 እ.ኤ.አ. ታትሞ ያለቀው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ ከያዛቸው ግሶች አንዱ ነው። ቮልፍ ሌስላውም በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግዕዝ ማነጻጸሪያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከእኅት ቋንቋዎች ጋር አስተያይቶታል። ትግርኛው «ቆለወ» ይላል። የእኛው «ቆላ» ሆነ። ሦስቱን አጠገብ ላጠገብ ስታስቀምጧቸው ታሪኩ ራሱን ይናገራል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ወ» ከንፈር አሹላ የምትወጣ ድምፅ ናት። እሷ ስትደክም የከንፈሩ መሾል ወደ ፊት ሄዶ «ቀ» ላይ ተቀመጠና «ቆ» አደረገው። ትግርኛው ሁለቱንም ይዟል፦ «ቆ»ውንም «ወ»ውንም። አማርኛ ግን «ወ»ን ውጦ ምልክቷን ብቻ አስቀረ። እንደ ጀበና አተላ ማለት ነው፤ ቡናው ተጠጥቶ አልቋል፣ እንደነበረ ግን ታች ይታያል።

በዚህ አላበቃም። ማጀት ውስጥ ይህን ግስ በብዛት የምትሰሙት በምን መልክ ነው? በትእዛዝ፣ ያውም ለሴት። «ልጄ፣ ቡናውን ቁዪ!» እዚህ ላይ «ለ»ም ጠፋች። ለወንድ «ብላ» ያልነው ለሴት «ብዪ» እንደሚሆን፣ «ሂድ» ያልነው «ሂጂ» እንደሚሆን ሁሉ «ለ» ወደ «የ» ዞራለች። የመሣሪያው ስም «መቁያ»ም ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ከቀለወ ሦስት ፊደላት «ወ» ቀልጣ «ቆ» ውስጥ ገባች፣ «ለ» ወደ «የ» ተለወጠች፣ እንደ ጥንቷ የቀረችው «ቀ» ብቻ ናት። ሆኖም ልጅቱ ትእዛዙን ሰምታ ምጣዱን ትጥዳለች። ወንዱን ስናዝ የሚወጣውን ቅርጽ እዚህ አልጽፈውም፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ጓደኛዬ «ወንድ ቡና የማይቆላው ለዚህ ነው» ይላል። ሰበብ ነው።

አሁን ወደ ዓረብኛው እንምጣ። ወዳጃችን የተናገረው ግማሹ ልክ ነው፤ ዓረብኛ በእርግጥ «ቀላ» አለው። ግን ዓረብኛ ብቻ ነው ወይ ያለው? ዕብራይስጥም አለው። የተቆላ እህል በዕብራይስጥ «ቃሊ» ይባላል። ሩት በቦዔዝ እርሻ ላይ ቃርሚያ ስትለቅም ውላ ለምሳ የተሰጣት እሱ ነው (ሩት 2፡14)። እሴይም ልጁን ዳዊትን ከሳኦል ጋር ወደ ዘመቱት ወንድሞቹ ሲልከው ካሸከመው ስንቅ አንዱ ይኸው ቃሊ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 17፡17)። ጎልያድን ሊገጥም ነው የሄደ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ልጁ የሄደው ቆሎ ሊያደርስ ነው። ግሱም ራሱ በትንቢተ ኤርምያስ 29፡22 ላይ ይገኛል፤ የባቢሎን ንጉሥ በእሳት ስላቃጠላቸው ሁለት ሰዎች በሚናገረው ቦታ፣ በጭካኔ ትርጉም።

ከዚያም ወደ ኋላ ስንሄድ የአሦርና የባቢሎን ቋንቋ አካድኛ «ቃሉ» የሚል ግስ ነበረው፤ ማቃጠል፣ መቁላት ማለት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣ «ማቅሉ» የሚባል የታወቀ ድርሳን አለ፤ ስሙ ማቃጠል ማለት ነው። ጠንቋይና መተተኛን ለመከላከል የሚነበብ ዘጠኝ ጽላት ያለው የጸሎትና የሥርዓት ጽሑፍ ሲሆን፣ በንባቡ መካከል የመተተኛው ምስል ተሠርቶ እሳት ውስጥ ይጣላል። ከቅጂዎቹ በርከት ያሉት የተገኙት ነነዌ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው አሹርባኒፓል ባከማቸው የሸክላ ጽላት መካከል ነው። ይህን ለእማሆይ በኋላ ስነግራቸው አልገረማቸውም። «መተተኛ የትም አገር አለ» አሉ።

እንግዲህ አካድኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛ፣ ግዕዝ አንድ እናት ያላቸው ልጆች ናቸው፤ ግሱንም ከእናታቸው ቤት ነው ይዘው የወጡት። ወንድምህ አፍንጫህን ቢመስል አፍንጫህን አዋሰህ አይባልም። አማርኛ ከዓረብኛ የተዋሰው ቃል የለም እያልሁ አይደለም፤ ሞልቷል፣ ያሳፍራልም ብዬ አላምንም። ቆላ ግን ከእነሱ አይደለም።

የቡናውን ክርክር በሁለት ነገር እመልሳለሁ። አንደኛው ዘመኑ ነው። ቡናን አፍልቶ የመጠጣት ልማድ በየመን ሱፊዎች ዘንድ በግልጽ የሚታወቀው ከ15ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በእኛ ደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ ቡና መጠጣት ለረዥም ጊዜ የእስላምና የኦሮሞ ልማድ ነው እየተባለ ሲነቀፍ ኖሮ፣ ነገሩ የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ግዕዝ ግን የአፍ መፍቻ መሆኑን ያቆመው ከዚያ ሁሉ እጅግ ቀድሞ ነው። ግሱ ቡናን ሲጠብቅ ኖረ እንጂ ከቡና ጋር አልመጣም። ዓረቦቹ ራሳቸው ደግሞ የቡና መቁላትን በብዛት የሚጠሩት «ተሕሚስ» ብለው፣ በሌላ ግስ ነው። የራሳቸውን ቡና ያልቆሉበትን ቃል ለእኛ ምን ብለው ያመጡልን?

ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ትርጉሙ ነው። የዓረብኛው «ቀላ» በስብ፣ በዘይት መጥበስ ወደ ማለት አዘንብሏል። የእኛው ደረቅ ነው፤ የሩትም ቃሊ ደረቅ ነው። አማርኛ ቅባት የሚገባበትን ሥራ ለመናገር ሲፈልግ ግሱን ደጋግሞ ሌላ አወጣለት፦ «አቁላላ»። ሽንኩርት ይቁላላል፤ የሚወጣውም «ቁሌት» ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይ በጣም ደነቀኝ። ደንበኛ ወጥ ሠሪ ሽንኩርቱን ከትፋ ድስት ውስጥ ስትጨምር ዘይት ወይም ቅቤ ወዲያው አታፈስበትም። መጀመሪያ በደረቁ፣ በራሱ ውኃ፣ እያማሰለች ታቁላላዋለች፤ ቅባቱ የሚከተለው ሽንኩርቱ ከጠወለገ በኋላ ነው። ወጥ ቤቷ ግዕዝ አልተማረችም። ድስቷ ግን የግሱን ሥር ያውቀዋል፦ ደረቅ፣ የተበታተነ፣ የማያርፍ እጅ።

ሳልናዘዝ ባልፍ ግን ነውር ነው። እኔም በድምፅ መመሳሰል ተታልዬ አውቃለሁ። ቆላ ማለት ሞቃቱ ዝቅተኛ አገር ነው፤ ቆላ ማለት ደግሞ ምጣድ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ማለት ፀሐይ የቆላው አገር ማለት ነው ብዬ በአንድ የቤት ሥራ ላይ በድፍረት ጽፌአለሁ። ፀሐዩ ጣቁሳን አልፎ ወደ ቋራ ለሚወርድ ሰው ሐሳቡን ያሳምነዋል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ግዕዙ ሸለቆውንና ዝቅተኛውን አገር በ«ቈ» «ቈላ» ብሎ ሲጽፍ እህሉን በ«ቀ» «ቀለወ» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ በአማርኛ የተገናኙት መንገድ ላይ ነው እንጂ ከአንድ ቤት አልተነሡም። ያን የቤት ሥራ ያረመው መምህር ዝም ብሎ ማለፉ እስካሁን ይገርመኛል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቦረናና የጉጂ ኦሮሞ «ቡና ቀላ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ይቆላና በምርቃት ይቀርባል። የሰማ አማራ ሁሉ «ቡና ቆላ» ማለት ነው ብሎ ይቸኩላል፤ እሳትም ምጣድም ቅቤም አለና! ግን በኦሮምኛ «ቀላ» የማረድ ቃል ነው፤ ቡናው እንደ ከብት ይታረዳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ፣ ድምፁ ተመሳሰለልኝ የሚል ክርክር ስሰማ፣ የራሴም ቢሆን፣ አንዴ ዝም ብዬ አስባለሁ።

ግሱ ከወለዳቸው ልጆች ሁሉ ታዋቂው ቆሎ ነው። ቆሎ የቡና ቁርስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደረቅ ነው፣ አይበሰብስም፣ እሳት አይፈልግም፣ ኪስ ውስጥ ይያዛል፤ ስለዚህ የመንገደኛና የዘማች ምግብ ነው። በድሮው ዘመቻ ጭፍራው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ሲወጣ ከበሶው ጋር የማይቀረው ቆሎ ነበር፤ የእሴይ ልጅም ያንኑ ነበር የተሸከመው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ፣ የኦሮሞ ተዋጊዎች ሩቅ ሲዘምቱ የተቆላ ቡና ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው፣ እንደ ኳስ አድበልብለው ይይዙ እንደነበር ጽፏል። ምጣዱ ከጦሩ በፊት ነው ሥራውን የሚጨርሰው።

ቆሎ ስሙን የሰጠው ሌላ ሰው ደግሞ አለ፦ የቆሎ ተማሪ። በጎጃምና በጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ልጅ ነው። ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው መምህር ሲዞር የሚያኖረው ትኩስ እንጀራ አልነበረም፤ የተሰጠው ቁራሽ ሲያልቅ አኩፋዳው ግርጌ የሚቀረው ቆሎ ነበር። ወንድ አያቴ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ዞረዋል። እማሆይ እንደሚሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋቸው ደጃቸው ቆመው ሲለምኑ ነው፤ የሰጧቸውም የሽምብራ ቆሎ ነበር። «ሳይቆረጥም ግጥም ነገረኝ» ይላሉ። ግጥሙን ግን ለማንም አይነግሩም። እንግዲህ «ተማሪ» የሚለው ቃል በአገራችን ለብዙ ዘመን ያለ «ቆሎ» የማይጠራ ነበር። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ልጆች በካፍቴሪያው ሽሮ ስናማርር፣ ስማችን ግማሹ ከዚያ ምጣድ ላይ መውረዱን ረስተነዋል።

አሁን ደግሞ የማትጠብቁትን ልንገራችሁ። ከዓረብኛው «ቀላ» አንድ ስም ወጥቷል፦ «አል ቂሊ»። በጨዋማ መሬት የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎች ተቃጥለው የሚወጣው አመድ ነው፤ ለሳሙናና ለብርጭቆ ሥራ ይፈለግ ነበር። ቃሉ ከነ«አል»ነቱ ወደ አውሮጳ ተሻገረና «አልካሊ» ሆነ። በ1807 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ ከዚህ ዓይነቱ ነገር በኤሌክትሪክ ኃይል አንድ አዲስ ብረት ለይቶ አወጣ። እሱ ፖታሲየም ቢለውም በጀርመን አገር ካልየም የሚለው ስም ሰደደ። የዛሬውን የኬሚስትሪ የፊደል ምልክት ሥርዓት ያቆመው የስዊድን ሊቅ ያኮብ ቤርሴሊዩስም ከዚሁ ከካልየም ስም የመጀመሪያዋን ፊደል፣ «ኬ»ን ወሰደ። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ፣ በአንዳንዱ የማዳበሪያ ከረጢትም ላይ የምታዩት «ኬ» የእማሆይ ቆሎ የአጎት ልጅ ነው። አንዱ እህሉን ተከትሎ ማጀት ገባ፤ ሌላው አመዱን ተከትሎ ላቦራቶሪ።

ወዳጃችን ዓረብኛን ስላነሣ እንግዲህ ተሳሳተ ብዬ ብቻ አልተወውም፤ እሱ ባያነሣው ኖሮ ይህን ሁሉ አልፈልግም ነበር። ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት ግሱ ከየት እንደመጣ ነገሩኝ። መቁላት ከማመስ፣ ከመጥበስ፣ ከማቁላላት በምን እንደሚለይ፣ ደረቅነቱና የእጁ አለማረፍ የትርጉሙ ግማሽ መሆኑን የነገረችኝ ግን ምጣዷ ናት። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የጎደለኝ ማስረጃ አልነበረም። ማስረጃዬን መጠየቅ ነበር የጎደለኝ።

ከደልጊ ስመለስ መርከቧ በማለዳ ስለምትነሣ እማሆይ ሌሊት ተነሥተው እሳት አያያዙ። ተኝቼ ሽምብራው ሲንጣጣ ይሰማኛል። ታናሽ እኅቴን «አማስዪው፣ እንዳያርብሽ! ደኅና አድርገሽ ቁዪው፣ የሩቅ መንገደኛ ነው» ሲሏት ሰማሁ። በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ሰጡኝ። ግማሹን ቁንዝላ ሳንደርስ ከመርከቡ ሰው ጋር ጨረስነው። የቀረውን ለዚያ ለወዳጄ አመጣሁለት፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ እየቆረጠመ ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አነበበውና፣ ሌላ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።